የካርማን ጊያ ሽቦ በባሕር ዳር ግቢ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚለካው

የቆየ መኪና የያዘ ሰው መብራቱ ሲደበዝዝበት አምፖል ይገዛል፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ሲያቃስት ባትሪ ይቀይራል፤ ፍሬቻው ሲዘገይ ፍላሸሩን (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን) ያስለውጣል። ዕቃው አዲስ ይሆናል፣ ችግሩ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ሃምሳ ዓመት በተሻገረ መኪና ላይ ኤሌክትሪኩን የሚያደክመው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው አይደለም። ወደ ዕቃው የሚሄደው ሽቦ፣ መጋጠሚያዎቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኃይሉን ወደ ባትሪ የሚመልሰው የማሳ መንገድ ነው። ስለዚህ የድሮ ስፖርት መኪናውን በግቢው ውስጥ እንደ አዲስ ሽቦ ሊዘረጋላት ለተነሣ ሰው የምለው ነገር አንድ ነው፦ ብር ከማውጣትዎ በፊት መንገድ ላይ የሚቀረውን ቮልት ይለኩ።

ለምሳሌ የያዝኳት መኪና ካርማን ጊያ ናት። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1955 አውጥቷት እስከ 1974 ድረስ ተሠርታለች። ቅርጿን የጣሊያኑ ጊያ ነደፈው፤ አካሏን ካርማን በጀርመን ኦስናብሩክ ከተማ ሠራው፤ ከ440,000 በላይ ተመርታለች። ላይዋ ስፖርት መኪና ነው፣ ሥሯ ግን ሁላችንም የምናውቃት ቮልስ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ። ለእኛ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የአካሏ ዕቃ ብርቅ ቢሆንም ሞተሪኖዋ፣ ዲናሞዋና ዲስትሪቢውተሯ የቮልስ ነው፤ የቮልስን ሽቦ የሚያውቅ ባለሙያም በየከተማው አለ። ፊያት ስፓይደር ወይም ኤምጂ ያለውም ሰው የሽቦ ቀለሙን፣ የጫፍ ቁጥሩንና የባትሪውን አገጣጠም በራሱ መኪና እየተካ የልኬቱን ዘዴ መከተል ይችላል። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ፣ እጅ ላይ ያለችውን በደንብ መያዝ ከፍቅርም በላይ ምክንያት አግኝቷል።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ሥራ የራሱ ጠባይ አለው። በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። የጣና ውኃ ጨዋማ ስላልሆነ እንደ ባሕር ጠረፍ ከተሞች ጨው የያዘ አየር ብረታችንን አይበላውም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ክረምቱን ሙሉ ሳትነዳ ማንጎ ሥር የቆመች መኪና ውስጥ እርጥበት ይታቆራል፤ በበጋ ደግሞ ፀሐዩ የሽቦውን ልባስ ያደርቀዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ከሁለቱ መፈራረቅ ነው። የተሰነጠቀ ልባስ ውኃ ያስገባል፣ ውኃው በመዳቡ ክሮች መካከል እየተሳበ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ መዳቡም ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ከውጭ ደኅና የሚመስለውን ሽቦ ጫፉን ሲልጡት ጥቁር ከሆነ፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቆርጠው እንደገና ይላጡት። አሁንም ጥቁር ከሆነ ያ መስመር ይቀየራል፤ ክርክር አያስፈልገውም።

መሠረቱን እንያዝ። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይወጣል፣ በፊውዝና በማብሪያው ያልፋል፣ አምፖሉን ያበራል፣ ከዚያም በመኪናዋ አካል ብረት በኩል ወደ ኔጋቲቭ ይመለሳል። በዚህ ዙር ላይ ያለ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ጥቂት ጥቂት ቮልት ይወስዳል፤ የወሰደውንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። አምፖሉን ነቅሎ ሶኬቱ ላይ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) የሚያሳርፍ ሰው «12 ቮልት አለ» ብሎ የሚታለለው ለዚህ ነው፤ ኃይል ካልፈሰሰ ምንም አይወርድም። ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ቧንቧው በዝገት ቢጠብ፣ እንደተዘጋ ግፊቱ ሙሉ ነው፤ ሲከፍቱት ነው ጠብ ጠብ ማለት የሚጀምረው። ስለዚህ ልኬቱ የሚካሄደው መብራቱ በርቶ ወይም ሞተሪኖው እየዞረ፣ ማለትም ኃይሉ እየፈሰሰ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉና አጭሩን የፊት መብራት ያብሩ። ቀዩን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ደግሞ ከአምፖሉ ጀርባ ኃይል የሚገባበት ምላስ ላይ ያሳርፉ። የሚያነቡት ቁጥር አምፖሉ ያገኘው አይደለም፤ ከባትሪ እስከ አምፖል መንገድ ላይ የቀረው ነው። ቀጥለው ቀዩን የአምፖሉ ማሳ ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርጉ፤ ይህ በመመለሻው የቀረው ነው። ካርማን ጊያ ባትሪዋ ከኋላ ከሞተሩ አጠገብ፣ መብራቷ ከፊት ስለሆነ የቴስተሩ ገመድ አይደርስልዎትም። አምስት ሜትር ያህል ቀጭን ሽቦ ይቀጥሉበት፤ ቴስተር የሚስበው ኃይል ኢምንት ስለሆነ ቅጥያው ንባቡን አያዛባም። የሁለቱ ልኬት ድምር ከ0.5 ቮልት ካለፈ ሥራ አለብዎት።

አንድ ቮልት ምን ያህል ነው የሚል ካለ፣ በክር አምፖል ላይ ብዙ ነው። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከ13 ቮልት ውስጥ 1.3ቱ መንገድ ላይ ከቀረ ሲሶ የሚያህለው ብርሃን የለም ማለት ነው። ከጎንደር መስመር ሲመለሱ ቢመሽብዎት፣ ከብትና አህያ አስፋልቱን ሲያቋርጥ፣ ያለ መብራት የቆመ ጋሪ ዳር ላይ ሲኖር፣ ሰው የሚያድነው ያ ሲሶ ነው። ይህን ልኬት አጥብቄ የያዝኩት ለዚህ ነው።

ልኬቱን በሠሩ ቁጥር ጥፋቱን ብዙ ጊዜ በማሳው በኩል ያገኙታል። ማሳ የማይታይ ስለሆነ ማንም አያስበውም፤ ሽቦ ሲሉት ሰው የሚያየው ፖዘቲቩን ብቻ ነው። የካርማን ጊያ አካል ደግሞ እርስ በርሱ የተበየደ ነው፤ እንደ ቮልስ ፓራፋንጎው (የጎማው ሽፋን) በብሎን አይፈታም። ዝገት የበላው ላሜራ በተቆረጠና በተበየደ ቁጥር የኤሌክትሪኩም መመለሻ አብሮ ይነካል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን መኪናዋ በወግ ከታደሰች በኋላ የሚመጣው ነው። ቀለም ቀቢው ሥራውን አሳምሮ የማሳ ብሎኖቹ የሚያርፉበትን ቦታ ሁሉ ይሸፍነዋል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አምፖሉ አዲስ፣ ሽቦው አዲስ፣ ቀለሙ እንደ መስታወት፣ መብራቱ ግን ጭል ጭል ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ብሎኑ የሚያርፍበትን የሳንቲም ያህል ስፋት በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፍጉ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ያስገቡ፣ ያጥብቁ፣ ከዚያ እርጥበት እንዳይገባበት በላዩ ላይ ግራሶ ይቀቡት። እኔ ብሆን በዚህ አልቆምም። ለፊት መብራቶቹ፣ ለዳሽቦርዱና ለኋላ መብራቶቹ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን የማሳ ሽቦ ዘርግቼ አንድ ንጹሕ ቦታ ላይ አስራቸዋለሁ፤ የዛገ ላሜራ ላይ አልመካም።

አንድ ማሳ ለብቻው ይነሣ። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የተቀመጡት ከጎማ በተሠራ ማረፊያ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ካምቢዮውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኝ ጠፍጣፋ የተጠለፈ መዳብ አለ፤ የሞተሪኖው ኃይል በሙሉ የሚመለሰው በእሱ ነው። እሱ ከዛገ ወይም ከተበጠሰ ኃይሉ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በነዳጅ መስጫው ወይም በፍሪሲዮኑ ገመድ በኩል ሲመለስ ገመዱ እስኪግል ይደርሳል። መኪናዋ ጠዋት ተነሥታ ሞተሩ ሲሞቅ እምቢ ካለች፣ ሞተሪኖውን ከማስወረድዎ በፊት ይህችን ማሳ ይመልከቱ። ማርሹን ባዶ ያድርጉ፣ ሞተሩ እንዳይነሣ ወደ ቦቢናው (ለሻማዎቹ ከፍተኛ ቮልት ወደሚሰጠው ዕቃ) የሚገባውን ቀጭን የኃይል ሽቦ ይንቀሉ፣ ሰው ቁልፉን እንዲይዝ ያድርጉና ሲዞር ቀዩን የሞተሩ ብረት ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርገው ያንብቡ። 0.5 ቮልት ካለፈ ሞተሪኖው ያለ ጥፋቱ ተከሷል።

አሁን ወደ ሽቦው እንግባ። የጀርመን መኪኖች የሽቦ ጫፍ ቁጥር አላቸው፤ ይህን ቁጥር ያወቀ ሰው ካርታ ባይኖረውም አይጠፋም። 30 ከባትሪ በቀጥታ የመጣ፣ ቁልፍ ቢዘጋም ኃይል ያለው ነው። 15 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኘው ነው። 31 ማሳ ነው። 50 ወደ ሞተሪኖ፣ 56ሀ ወደ ረጅሙ መብራት፣ 56ለ ወደ አጭሩ፣ 58 ወደ ፓርኪንግና ወደ ኋላ መብራት ይሄዳል፤ ዕቃው ላይ በ«ሀ» እና በ«ለ» ቦታ የላቲኖቹ የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ተቀርጸዋል። በቀለም ደግሞ ቡናማ ማሳ ነው፣ ቀይ 30 ነው፣ ጥቁር አብዛኛውን ጊዜ 15 ነው፣ ቢጫ አጭር መብራት፣ ነጭ ረጅም መብራት። አዲስ ሽቦ ሲዘረጉ ያንኑ ቀለም ይከተሉ። ሱቅ ውስጥ ቀይ ብቻ አለ ተብሎ መኪናዋን በሙሉ በቀይ መዘርጋት ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ባለሙያ ግፍ ነው፤ ቀለሙ ካልተገኘ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥሩን ጽፈው በግልጽ ፕላስተር ይሸፍኑት።

የሽቦው ውፍረት በግምት አይመረጥም። አንድ ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.018 ኦም ገደማ ይቃወማል። ሁለት የ60 ዋት ረጅም መብራቶች 120 ዋት ናቸው፣ በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባሉ። ከባትሪ እስከ ፊት ያለውን መንገድ አምስት ሜትር ብንለው፣ በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 0.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ግን 0.22 ብቻ። አንድም መጋጠሚያ ሳንቆጥር ነው ይህ። ከኋላ ወደ ፊት ለሚሄደው ዋና መስመር 6 ይሻላል፤ ለፍሬቻና ለፓርኪንግ 1 ወይም 1.5 ይበቃል።

ከተማችን ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የቤት ሽቦ ነው፤ ባለ ነጠላ ጠንካራ መዳቡን ግን መኪና ውስጥ አያስገቡት። ንዝረት ልባሱ ውስጥ እንዳለ ይሰብረዋል፤ መሰበሩም አይታይም። የሚፈለገው ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ሽቦ ነው። ሌላው መጠንቀቂያ መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነው። አንዱን ክር በምላጭ ይፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ከወጣ ይመልሱት፣ ኃይል የሚያሳልፈው ከንጹሕ መዳብ ባነሰ መጠን ነው፣ ቶሎም ይሰበራል።

ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ (ቴፕ) መጠቅለል በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ሙጫው በሞተሩ ሙቀት ይቀልጣል፣ ናስትሮው ይፈታል፣ እርጥበት ይገባል። ጫፎቹን በትክክለኛው ፒንሳ ጨምቆ ማያያዝና በሙቀት በሚጨማተር ልባስ መሸፈን ይሻላል። በስታኞ መበየድም ኃይል ያሳልፋል፣ ነገር ግን ስታኞው የደረሰበት ክር ስለሚደርቅ በንዝረት ከዚያው ጫፍ ይቆረጣል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጨርሶ አለመቀጠል ነው፦ እያንዳንዱን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ያድርጉት።

ማሻሻል የሚባለው ነገር እዚህ ይጀምራል፤ ከሁሉ በፊት የሚገባው ደግሞ ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። በድሮው አሠራር የፊት መብራቱ ኃይል በሙሉ ዳሽቦርዱ ላይ ባለችው ትንሽ ማብሪያ ውስጥ ያልፋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያቺ ማብሪያ ሲነኳት ትሞቃለች፤ የጠፋው ቮልት እዚያ ነው ያለው። ሪሌይ ሲገባ ማብሪያዋ ከሩብ አምፔር የማይበልጥ ኃይል ለሪሌዩ ትሰጣለች፣ ከባድ ሥራውን ሪሌዩ ይሠራል። አራት እግር አለው። 30ን ከባትሪ በፊውዝ ከመጣው ወፍራም ሽቦ፣ 87ን ከአምፖሉ፣ 86ን ድሮ ወደ አምፖል ይሄድ ከነበረው ሽቦ፣ 85ን ከማሳ ጋር ያገናኙ። አንድ ለአጭሩ፣ አንድ ለረጅሙ። ይህን አድርገው ንጹሕ ማሳ ከሰጡት፣ ተራው 60/55 ዋት ኤች 4 አምፖል መንገዱን ያበራል። የ100 ዋት አምፖል አያስፈልግም፤ በክር አምፖል ልክ በተሠራ መስታወት ውስጥ ኤልኢዲ መክተትም ብርሃኑን በትኖ ከፊት የሚመጣውን ባጃጅ ያሳውረዋል። ፍሬቻው ላይ ኤልኢዲ ካስገቡ ደግሞ የድሮው ፍላሸር የሚቆጥረው የአምፖሉን ኃይል ስለሆነ ወይ ይፈጥናል ወይ ጭራሽ አይሠራም፤ ፍላሸሩም አብሮ መቀየር አለበት።

ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው ከባትሪው በስንዝር ርቀት ውስጥ ነው፤ ከፊውዙ በፊት ያለ ሽቦ ሁሉ ጠባቂ የለውም። በፋብሪካው አሠራር ከባትሪ የሚነሣው ዋና መስመርና የቦቢናው መስመር ፊውዝ አልነበራቸውም። ወደ ፊት የሚሄደው አዲሱ የ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ይኑረው። የድሮዎቹ ሾጣጣ ጫፍ ያላቸው ባለ 8 እና ባለ 16 አምፔር ፊውዞች በምላስ ግፊት ብቻ የተያዙ ስለሆኑ ጫፋቸው ይዝጋል፤ ጠፍጣፋ ፊውዝ ወደሚይዝ ሳጥን መለወጥ ተገቢ ነው። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሽቦ ክር ወይም የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ መንዳት ግን መኪና የሚያቃጥል ሥራ ነው፤ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ይህን አያድርጉት።

እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል በፊት የተሠራች ካርማን ጊያ ባለ 6 ቮልት ልትሆን ትችላለች። ወደ 12 መቀየር ጥሩ ሥራ ነው። ያው ዋት በእጥፍ ቮልት በግማሽ አምፔር ስለሚሠራ፣ ለ6 ቮልት የተዘረጋው ወፍራም ሽቦ ደኅና ከሆነ ለ12 ከበቂ በላይ ነው። አምፖሎቹ፣ ፍላሸሩ፣ ክላክሱ፣ ቦቢናው፣ ዲናሞውና ሬጉሌተሩ (ዲናሞው የሚሰጠውን ቮልት የሚመጥነው) ግን መቀየር አለባቸው፤ የዝናብ መጥረጊያው ሞተርም እንዲሁ። ሞተሪኖው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት በ6 ቮልቱ 109፣ በ12ቱ 130 ጥርስ ስላለው የ12 ቮልት ሞተሪኖ ዝም ብሎ አይገጥምም።

ዲናሞውን በአልተርኔተር መተካት ብዙ ሰው የሚመኘው ነው። የድሮው የ12 ቮልት ዲናሞ የሚሰጠው 30 አምፔር ገደማ ነው፤ በቀስታ ሲነዱ ደግሞ ከዚያም በታች። አልተርኔተር 50 አምፔር ገደማ ይሰጣል፣ ሞተሩ ሳይጮህም ይሞላል። ሬጉሌተሩ ውስጡ ያለ ከሆነ ከውጭ ያለውን የድሮ ሬጉሌተር አውጥተው ወፍራሙን ሽቦ ቢያንስ በ10 ሚሊ ሜትር ካሬ ወደ ባትሪ ያገናኙ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቀይ የቻርጅ መብራት አይናቋት፤ አልተርኔተሩ ሥራ የሚጀምረው በእሷ በኩል በሚያገኘው ጥቂት ኃይል ነው፣ አምፖሏ ከተቃጠለ ላይሞላ ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ አይነቀልም፤ አካሏ ሲበየድም አስቀድሞ ባትሪው ይፈታ፣ አለዚያ የአልተርኔተሩ ውስጥ ይቃጠላል።

ስለዚህች ቀይ መብራት አንድ ነገር ጨምሬ ልናገር፣ ምክንያቱም ሞተር የሚያድን ነው። በቮልስና በካርማን ጊያ ዲናሞውን የምታዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ማራገቢያ ታዞራለች። በሌላ መኪና የቻርጅ መብራት ቢበራ ቤት ድረስ ይነዳሉ። በዚህች መኪና ግን መንገድ ላይ ከበራ ወዲያውኑ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። ቺንጋዋ ተበጥሳ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩ ይነክሳል። መለዋወጫ ቺንጋ ከመኪናዋ አትለይ።

ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሻማውን እሳት የሚያስነሣውን የፕላቲን ጫፍ በኤሌክትሮኒክ መተካትም ይቻላል፤ ማስተካከያው ያነሰ ነው፣ ክፍተቱ አይለወጥም። ከመተካትዎ በፊት ግን ሞተሩ እየሠራ ቦቢናው ላይ 15 ምን ያህል ቮልት እንደሚያገኝ ይለኩ፤ 11 ቮልት የሚደርሰው ቦቢና ላይ ውድ ሞጁል መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ደግሞ ካንዴላው (ሻማው) ጥላሸት ስለያዘ ብቻ ኤሌክትሪኩን አይክሰሱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በዝቅተኛ ቦታ ልክ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ነዳጅ ያበዛል።

ስለ እሳት ሳልናገር ወደ መጨረሻው ሥራ አልሄድም። የእነዚህ መኪኖች ሞተር ቤት የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በደረቀ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ነው፤ ቤንዚኑ ዲስትሪቢውተሩ አጠገብ ይንጠባጠባል። ሽቦ ለመቀየር ሞተር ቤቱን ከከፈቱ ቱቦዎቹን በዚያው ይቀይሩ፣ በማሰሪያም ያጥብቁ። የሞተሩ ዋና አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ እሳቱ ከያዘው ውኃ ያባብሰዋል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ሳይኖር ባትሪ አያገናኙ። ባትሪ ሲፈቱም መጀመሪያ ኔጋቲቩን ነው፤ ፖዘቲቩን መጀመሪያ ቢፈቱ መፍቻው አካሉን ሲነካ ኃይሉ በሙሉ በመፍቻው ያልፋል። ቮልስ ላለው ሰው ደግሞ፦ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ የወንበሩ ሽቦ ፖዘቲቩን እንዳይነካ ክዳን ይኑረው።

ሥራውን ሲጀምሩ የድሮውን ሽቦ በአንድ ቀን ጎትተው አያውጡት። ፎቶ ያንሡ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥር ይለጥፉ፣ አንዱን መስመር ዘርግተውና ለክተው ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ይለፉ። መብራት ቢጠፋብዎት ወይም ሥራ ጠርቶዎት ለሁለት ወር ቢያቋርጡ፣ ካቆሙበት መቀጠል የሚችሉት እንዲህ ከሠሩ ብቻ ነው።

ሁሉም ሲያልቅ ባትሪውን በቀጥታ አያገናኙ። የ21 ዋት የፍሬን አምፖል በባትሪው ኔጋቲቭና በማሳው ገመድ መካከል ያስገቡ፣ ሁሉም ነገር ተዘግቶ። አምፖሉ ካልበራ መንገዱ ሰላም ነው። ደምቆ ከበራ የሆነ ቦታ ሽቦ ከአካል ጋር ተነካክቷል፤ አምፖሉ ኃይሉን ስለሚገድበው ግን ምንም አይቃጠልም፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የሚደበዝዝበትን መስመር ይፈልጉ። ከዚያ አምፖሉን አውጥተው ባትሪውን ያገናኙ፣ መጀመሪያ የለኩትን ሁሉ እንደገና ይለኩና ቁጥሮቹን ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ይጻፉ። ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት፣ ማሳዎቹን ብቻ ይድገሙ፤ 0.1 የነበረው 0.3 ከሆነ ያንን ብሎን ፈትተው ይፈግፍጉት፣ ሌላ ነገር አይንኩ።